አሲድና ቤዝ ሲቀናጁ፦ እኩልዮሽን በግምት ሳይሆን በቆጠራ ስለ ማመጣጠን



እንደሚታወቀው ኬሚካዊ እኩልዮሽን ማመጣጠን ብዙ ተማሪ ከሳይንስ ጋር የሚቀያየምበት ቦታ ነው። እስከዚያ ድረስ ትምህርቱ ደኅና ይሄዳል። ስለ ሎሚ መኮምጠጥ፣ ስለ አመድ ውሃ ማሟለጭ፣ ስለ ሊትመስ ወረቀት ቀለም መለወጥ ሲነገረው ልጁ በደስታ ይሰማል። እኩልዮሹ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ «አመጣጥኑ!» ሲባል ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም በየመጣንበት ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት አይተነዋል። አንዱ «2 ይሁን» ይላል፣ ሌላው «የለም 3 ነው» ይላል፣ አልገጥም ሲል ይጠፋል፣ እንደገና ይጻፋል። በመጨረሻ አንድ ጎበዝ ልጅ ይመታዋል፤ የቀሩት ይገለብጣሉ። የገለበጡት ልጆች የያዙት ትምህርት «ይህ ነገር ለጎበዝ ብቻ ነው» የሚል ነው። ይሄ ደግሞ ለአንድ መምህር ትልቅ ኪሳራ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይኸውም አሲድና ቤዝ ተገናኝተው ጨውና ውሃ በሚሰጡበት አጸግብሮት፣ ማለትም በኒውትራላይዜሽን ላይ፣ ግምት አያስፈልግም፤ እስከ አሥራ ሁለት መቁጠር የሚችል ልጅ ሁሉ ማመጣጠን ይችላል የሚል ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለን። የንጥረ ነገሮቹን ምልክቶች ሁላችንም ከሁለተኛ ደረጃ ይዘናቸው ስለ መጣን እዚህ አልደረደርናቸውም። ሆን ብለን ሁሉን በስሙ ጽፈነዋል። ምልክት አስተካክሎ መጻፍና ለልጅ ማስረዳት ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። እኩልዮሹን በስም አንብቦ የሚያስረዳ መምህር ምልክቱን መጻፍ አይቸግረውም። ምልክቶቹን ማየት የፈለገ አንባቢ ከዚህ ሰሌዳ ፊት እንደ ቆመ በደብተሩ ላይ እየጻፈ ቢከተለን ጥሩ ልምምድ ይሆነዋል።

1. አሲድ፣ ቤዝና ጨው ስንል

ፈረንሳዊው ኬሚስት አንትዋን ላቩዋዚዬ «ኦክስጅን» የሚለውን ስም ያወጣው ከግሪክኛ ሲሆን ትርጉሙም «አሲድ ወላጅ» ማለት ነው። ይህን ያለው በየአሲዱ ውስጥ ኦክስጅን የግድ አለ ብሎ በማመኑ ነበር። ይሁን እንጂ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 1 ሃይድሮጅንና 1 ክሎሪን ብቻ እንጂ ኦክስጅን የለውም። ስሙ ግን እንደ ወጣ ቀረ። አሲድን አሲድ የሚያደርገው በውሃ ውስጥ የሚለቀው ሃይድሮጅን መሆኑ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1884 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፉ እነዚህ ነገሮች በውሃ ሲሟሙ ወደ አዮኖች እንደሚለያዩ አመለከተ። በመጀመሪያ ብዙ ሰው ባይቀበለውም በ1903 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ከዚህ ሐሳብ የተነሣ አሲድ ማለት በውሃ ውስጥ የሃይድሮጅን አዮን የሚሰጥ፣ ቤዝ ማለት የሃይድሮክሳይድ አዮን የሚሰጥ ነው እንላለን። ሃይድሮክሳይድ 1 ኦክስጅንና 1 ሃይድሮጅን ተጣብቀው የሚሄዱበት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ፦

1 ሃይድሮጅን + 1 ሃይድሮክሳይድ → 1 ውሃ

ይህች አጭር መስመር የጠቅላላው ትምህርት አከርካሪ ናት። አሲዱ ሃይድሮጅኑን ሲሰጥ የሚቀረው ወገን፣ ቤዙም ሃይድሮክሳይዱን ሲሰጥ የሚቀረው ብረት ተያይዘው «ጨው» ይባላሉ። እንግዲህ በኬሚስትሪ ጨው ሲባል ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ብቻ እንዳልሆነ ለተማሪዎቻችን አስቀድመን መንገር አለብን። የገበታ ጨው ከብዙ ጨዎች አንዱ ነው።

2. ለምን ይመጣጠናል?

አንዳንድ ተማሪ ማመጣጠንን መምህሩ ያወጣው ደንብ ይመስለዋል። አይደለም። ላቩዋዚዬ እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፉ እንዳስረዳው በአጸግብሮት ጊዜ የሚፈጠርም የሚጠፋም ቁስ የለም። የገባው ሁሉ ይወጣል፤ የሚለወጠው አያያዙ ብቻ ነው። በግራ በኩል 4 ድኝ ገብቶ በቀኝ 3 ከወጣ አንዱ የት ሄደ? እኩልዮሽ ማመጣጠን ይህን ጥያቄ መመለስ ነው።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1792፣ ጀርመናዊው ኬሚስት የሬሚያስ ሪሽተር የንጥረ ነገሮችን የመጠን ግንኙነት ለሚያጠናው የኬሚስትሪ ክፍል «ስቶይኪዮሜትሪ» የሚል ስም አወጣ። ሪሽተር ይህን ያጠናው በምን ላይ እንደ ነበር ታውቃላችሁ? በአሲድና በቤዝ ላይ ነበር። የተወሰነ መጠን ያለው አሲድ ጠባዩ እንዲጠፋ ምን ጊዜም የተወሰነ መጠን ያለው ቤዝ እንደሚፈልግ እየመዘነ አገኘ። ስለዚህ ኒውትራላይዜሽን የእኩልዮሽ ትምህርት አንድ ምሳሌ ብቻ ሳይሆን የመጠን ኬሚስትሪ የተወለደበት ቤት ነው ማለት ይቻላል።

3. ሁለት ዓይነት ቁጥር

ተማሪ ከሚሳሳትባቸው ነገሮች ዋናው ሁለት ዓይነት ቁጥሮችን ማደባለቁ ነው። አንደኛው በቀመሩ ግርጌ በትንሹ የሚጻፈው ነው፤ ይህ የነገሩን ማንነት ይናገራል። ሁለተኛው ከቀመሩ በፊት በትልቁ የሚጻፈው ነው፤ ይህ ስንት እንደሆነ ይናገራል።

ውሃ 2 ሃይድሮጅንና 1 ኦክስጅን ነው። ተማሪው ኦክስጅን አንሶበት ከግርጌ 2 ብሎ ቢጽፍ ሁለት ውሃ አላገኘም። 2 ሃይድሮጅንና 2 ኦክስጅን ያለው ነገር ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይባላል፤ ቀለም የሚያነጣ፣ ሲጠነክር ቆዳ የሚያቃጥል ነገር ነው። ለጠማው ሰው አይሰጥም! ሁለት ውሃ የሚፈልግ ከፊቱ 2 ብሎ ይጽፋል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ በግ ሁለት እንዲሆንልን ስንፈልግ ሌላ በግ እንገዛለን እንጂ በጉ ላይ ስምንት እግር አንቀጥልም። ስለዚህ ቀመሩ አንዴ በትክክል ከተጻፈ በኋላ ግርጌው አይነካም። ይህን ደንብ ክፍል ውስጥ በትልቁ ጽፎ መለጠፍ ይገባል እንላለን።

4. የመቀናጆ ዘዴ

አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ብቻውን አያርስም። አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባና ሁለቱ በሬዎች ባንድ ቀንበር ይጠመዳሉ። ሃይድሮጅንና ሃይድሮክሳይድም እንደዚያው ናቸው። አንድ ሃይድሮጅን ካንድ ሃይድሮክሳይድ ጋር ሲጠመድ አንድ ውሃ ይሆናል። ሳይጠመድ የሚቀር ካለ ሥራው አላለቀም፤ ሃይድሮጅን ከተረፈ ድብልቁ ገና አሲድ ነው፣ ሃይድሮክሳይድ ከተረፈ ገና ቤዝ ነው።

ልዩነቱ አሲዶችና ቤዞች ይዘው የሚመጡት ቁጥር እኩል አለመሆኑ ነው። ሃይድሮክሎሪክና ናይትሪክ አሲድ 1 ሃይድሮጅን ይሰጣሉ፤ ሰልፈሪክ አሲድ 2፣ ፎስፎሪክ አሲድ 3። በቤዝ በኩል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ 1 ሃይድሮክሳይድ፣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድና ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ 2፣ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ 3 ይሰጣሉ።

ዘዴው አራት እርምጃ አለው፦

ሀ) አሲዱ ስንት ሃይድሮጅን፣ ቤዙ ስንት ሃይድሮክሳይድ እንደሚሰጥ ጻፉ።
ለ) ሁለቱን ቁጥሮች እኩል የሚያደርገውን ትንሹን የጋራ ብዜት ፈልጉ።
ሐ) አሲዱንም ቤዙንም እዚያ ቁጥር ላይ እስኪደርሱ ድረስ አብዙ። የጋራ ብዜቱ ራሱ የውሃው ቁጥር ነው።
መ) የተረፈውን ብረትና የአሲድ ወገን አሰባስቡ፤ አንድ ጨው ይሆናል።

እስቲ ከቀላሉ እንጀምር። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 1 ይሰጣል፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድም 1 ይሰጣል። አንድ ላንድ ስለሆኑ ምንም ማብዛት የለም፦

1 ሃይድሮክሎሪክ አሲድ + 1 ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ → 1 ሶዲየም ክሎራይድ + 1 ውሃ

ሶዲየም ክሎራይድ የገበታ ጨው ነው። ቀጥሎ ሰልፈሪክ አሲድን እንውሰድ። እርሱ 2 ይዞ መጥቷል፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ግን 1 ብቻ። የጋራ ብዜቱ 2 ነው፦

1 ሰልፈሪክ አሲድ + 2 ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ → 1 ሶዲየም ሰልፌት + 2 ውሃ

እዚህ ላይ የተረፉት 2 ሶዲየምና 1 ሰልፌት ናቸው። ስለዚህ በጨው ቀመር ውስጥ 2 ሶዲየም አለ። አያችሁ? የጨዉን ቀመር አስቀድመን በቃላችን አልያዝነውም፤ ከቆጠራው ራሱ ወጣ።

አሁን ተማሪ ወደሚፈራው እንሂድ። አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ 3 ሃይድሮክሳይድ አለው፣ ሰልፈሪክ አሲድ 2 ሃይድሮጅን አለው። 3ና 2 የሚገናኙት 6 ላይ ነው። 6 ሃይድሮክሳይድ ለማግኘት ቤዙን 2 ጊዜ፣ 6 ሃይድሮጅን ለማግኘት አሲዱን 3 ጊዜ እንወስዳለን፦

2 አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ + 3 ሰልፈሪክ አሲድ → 1 አሉሚኒየም ሰልፌት + 6 ውሃ

የተረፉት 2 አሉሚኒየምና 3 ሰልፌት አንድ ጨው ሆኑ። በግምት ይፈለግ ቢባል ግማሽ ክፍለ ጊዜ የሚበላው እኩልዮሽ በሁለት ደቂቃ አለቀ። ፎስፎሪክ አሲድና ካልሲየም ሃይድሮክሳይድም በዚያው መንገድ ይሄዳሉ፦

2 ፎስፎሪክ አሲድ + 3 ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ → 1 ካልሲየም ፎስፌት + 6 ውሃ

ቁጥሩ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ኦክስጅንን መቁጠር ይበቃል፤ በዘዴው ውስጥ ለብቻው ያልቆጠርነው እርሱ ስለሆነ ጥሩ ምስክር ነው። በግራ በኩል ሁለቱ ፎስፎሪክ አሲድ በያንዳንዳቸው 4 ስላላቸው 8፣ ሦስቱ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ በያንዳንዳቸው 2 ስላላቸው 6፤ ድምሩ 14። በቀኝ በኩል በጨው ውስጥ 8፣ በውሃው 6፤ ድምሩ 14። ገጠመ።

5. ቁጥሩ ሚዛን ላይ ሲወጣ

«ታዲያ ይህ ሁሉ ቁጥር ምን ይፈይዳል?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም በሚዛን ላይ ነው።

የአቶሞቹን አንጻራዊ ክብደት (ሃይድሮጅን 1፣ ኦክስጅን 16፣ ሶዲየም 23፣ ፎስፎረስ 31፣ ድኝ 32፣ ክሎሪን 35.5) ይዘን እንደምር። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 36.5፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 40 ይሆናል። ስለዚህ 36.5 ግራም አሲድ ጠባዩን ለማጥፋት ልክ 40 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈልጋል። የሚወጣው 58.5 ግራም ጨውና 18 ግራም ውሃ ነው። የገባው 76.5፣ የወጣውም 76.5።

አሁን አንድ የሚያስገርም ነገር እንመልከት። የሰልፈሪክ አሲድ አንጻራዊ ክብደት 98 ነው። የፎስፎሪክ አሲድም 98 ነው። ሚዛን ላይ እኩል ናቸው። ነገር ግን፦

98 ግራም ሰልፈሪክ አሲድ 80 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈልጋል።
98 ግራም ፎስፎሪክ አሲድ ሦስቱንም ሃይድሮጅን እስኪሰጥ ድረስ 120 ግራም ይፈልጋል።

በሚዛን ብቻ የሚሄድ ሰው «እኩል ናቸው» ብሎ 40 ግራም ይሳሳታል። እኩልዮሹን ያመጣጠነ ሰው ግን የመጀመሪያው 2፣ ሁለተኛው 3 እንደሚፈልግ አስቀድሞ ያውቃል። ከፊት የምትጻፈው ትንሽ ቁጥር እንዲህ ያለ ሥራ ትሠራለች።

6. ልብ ሊባሉ የሚገባቸው

ዘዴው ቀላል ቢሆንም ካልተጠነቀቅን የሚያደናቅፉ አራት ቦታዎች አሉ።

አንደኛ፣ በአሲድ ውስጥ ያለ ሃይድሮጅን ሁሉ አይሰጥም። በአቼቶ ውስጥ የሚገኘው አሴቲክ አሲድ በጠቅላላው 4 ሃይድሮጅን አለው፤ የሚለቀው ግን 1 ብቻ ነው። ሦስቱ ከካርቦን ጋር ጠብቀው ተያይዘዋል። ስለዚህ 1 አሴቲክ አሲድ ካንድ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ብቻ ይቀናጃል። የሎሚው ሲትሪክ አሲድ ደግሞ 8 ሃይድሮጅን ኖሮት 3 ይሰጣል። ስለዚህ «ስንት አለው?» ሳይሆን «ስንት ይሰጣል?» ብለን እንጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ቤዙ ካነሰ ሌላ ጨው ይወጣል። 1 ሰልፈሪክ አሲድ 1 ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ብቻ ቢያገኝ አንዱን ሃይድሮጅን ሰጥቶ ሁለተኛውን ይዞ ይቀራል፦

1 ሰልፈሪክ አሲድ + 1 ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ → 1 ሶዲየም ሃይድሮጅን ሰልፌት + 1 ውሃ

ይህም የተመጣጠነ እኩልዮሽ ነው፤ የሚናገረው ግን ስለ ሌላ ድብልቅ ነው። እንግዲህ እኩልዮሽ ትክክል መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ከጨመርነው መጠን ጋርም መስማማት አለበት።

ሦስተኛ፣ ውሃ የማይወጣበት ጊዜ አለ። አሞኒያ ሃይድሮክሳይድ በውስጡ የለውም፤ ሃይድሮጅኑን ራሱ ላይ ይቀበላል። ስለዚህ፦

2 አሞኒያ + 1 ሰልፈሪክ አሲድ → 1 አሞኒየም ሰልፌት

34 ግራም አሞኒያና 98 ግራም አሲድ 132 ግራም አሞኒየም ሰልፌት ይሰጣሉ። ይህ ጨው ለእህል ናይትሮጅንና ድኝ የሚሰጥ ማዳበሪያ ነው።

አራተኛ፣ ካርቦኔቶች ከውሃ ሌላ አየርም ይሰጣሉ። የእንቁላል ቅርፊት በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፦

1 ካልሲየም ካርቦኔት + 2 ሃይድሮክሎሪክ አሲድ → 1 ካልሲየም ክሎራይድ + 1 ውሃ + 1 ካርቦን ዳይኦክሳይድ

ክፍት ዕቃ ውስጥ ቢሠራ ሚዛኑ ይቀንሳል፤ ተማሪውም «ቁስ አይጠፋም ብላችሁ አልነበረም?» ማለቱ አይቀርም። የጎደለው አየር ሆኖ የወጣው ነው። 100 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። የጠርሙሱን አፍ በፊኛ ብናስር ፊኛው ሲነፋ ያየዋል።

7. ከሰሌዳው ውጭ

ይህ ትምህርት ከሰሌዳ አይቀርም። ጨጓራችን ራሱ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያመነጫል። ለሚያቃጥለው ሰው የሚሰጡት የሚታኘኩ እንክብሎችና ነጭ ፈሳሾች ብዙ ጊዜ ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድና አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ አለባቸው፦

1 ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ + 2 ሃይድሮክሎሪክ አሲድ → 1 ማግኒዚየም ክሎራይድ + 2 ውሃ
1 አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ + 3 ሃይድሮክሎሪክ አሲድ → 1 አሉሚኒየም ክሎራይድ + 3 ውሃ

58 ግራም የመጀመሪያው 73 ግራም አሲድ ያረግባል። ጨጓራ ላይ ግን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አይሰጥም፤ እኩልዮሹ ቢያምርም ጉሮሮን ያቃጥላል። ኬሚስትሪ ቁጥርን ብቻ ሳይሆን ጠባይንም ማወቅ ነው።

ወደ እርሻ እንምጣ። በአገራችን ዝናብ በሚበዛባቸው የምዕራብና የደቡብ ደጋዎች የአፈር አሲዳማነት ትልቅ ችግር ነው። የዘመናት ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ሲወስደው አሲዱ ይቀራል፤ አሉሚኒየምም ይሟሟና የገብሱን፣ የስንዴውንና የባቄላውን ሥር ይጎዳል። ገበሬው ማዳበሪያ ጨምሮም ምርቱ አልነሣ ይለዋል። መድኃኒቱ ኖራ ነው። እዚህም ላይ ዓይነቱ ቁጥር ይለውጣል። 100 ኪሎ ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ የሚያረግበውን አሲድ 74 ኪሎ ንጹሕ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ያረግበዋል። ሁለቱም ለገበሬው «ኖራ» ናቸው፤ ሚዛናቸው ግን አንድ አይደለም። ለአንድ ማሳ ስንት ኩንታል እንደሚያስፈልግ የሚወስነው የአፈር ምርመራ ነው። ነገር ግን የገበሬው ልጅ በኛ ክፍል ተቀምጦ «ለምን ይለያያል?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ በእኩልዮሹ ውስጥ አለና ልንነግረው ይገባል።

8. ላቦራቶሪ በሌለበት

ብዙዎቻችን የምንመደብበት ት/ቤት ላቦራቶሪ ላይኖረው ይችላል። ምክንያት አይሆነንም። ለማመጣጠን ትምህርት የሚያስፈልገው አራት ዓይነት እህልና ቁራጭ ወረቀት ነው። ሽንብራ ሃይድሮጅን፣ ባቄላ ሃይድሮክሳይድ፣ በቆሎ ብረት፣ ምስር የአሲድ ወገን ይሁኑ። 2 ሽንብራና 1 ምስር በወረቀት ጠቅልላችሁ «ሰልፈሪክ አሲድ» በሉ፤ 3 ባቄላና 1 በቆሎ ጠቅልላችሁ «አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ» በሉ። በርከት አድርጋችሁ አዘጋጁና ለልጆቹ ሁለት ደንብ ስጧቸው፦

ጥቅል ከተከፈተ ሙሉውን ይከፈታል፤ ግማሽ ጥቅል የለም።
እያንዳንዱ ሽንብራ ካንድ ባቄላ ጋር እስኪጠመድ ድረስ ጥቅል ክፈቱ፤ የሚተርፍ ሽንብራም ባቄላም እንዳይኖር።

ልጆቹ ራሳቸው 3 የአሲድና 2 የቤዝ ጥቅል ከፍተው ይቆማሉ። 6 ጥማድ ያገኛሉ፤ ይህ ውሃው ነው። የተረፉት 2 በቆሎና 3 ምስር ጨዉ ናቸው። መምህሩ «2፣ 3፣ 1፣ 6» ብሎ ሳይነግራቸው እነርሱ ለመምህሩ ይነግሩታል። ከዚያ በኋላ እኩልዮሹ ቢጻፍ የሚያዩት በእጃቸው የሠሩትን ነው።

ቀለሙን ለማሳየት ከርከዴ በፈላ ውሃ ዘፍዝፉ። ቀይ ውሃ ይወጣል። በሎሚ ጭማቂ ቀይነቱ ይደምቃል፤ በጠለለ የአመድ ውሃ ግን ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። በአመዱ ውስጥ ፖታሲየም ካርቦኔት ስላለ ነው። ከዚያም የሎሚውን በጠብታ በጠብታ በአመዱ ውሃ ላይ ጨምሩ፤ ቀለሙ የሚመለስበትን ጠብታ ልጆቹ ይቁጠሩ። ሪሽተር በሚዛን ያየውን እነርሱ በጠብታ ያዩታል።

ስለ ጥንቃቄም እንናገር። ኃይለኛ አሲድና ኃይለኛ ቤዝ ሲገናኙ 18 ግራም ውሃ በተፈጠረ ቁጥር 57 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይወጣል፤ ይህም አንድ ሊትር ውሃን ከ13 ዲግሪ በላይ ያሞቃል። ስለዚህ ቆዳ ላይ አሲድ ቢፈስ በቤዝ ለማርገብ አይሞከርም፤ ሙቀቱ ሁለተኛ ቃጠሎ ይሆናል። በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ እያጠቡ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። የባትሪ አሲድና ኮስቲክ ሶዳ ለልጆች እጅ አይሰጡም። ማቅጠን ሲያስፈልግም አሲዱ ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይፈስስም።

9. እስቲ ሞክሩት

የሚከተሉትን ከመልሱ በፊት በደብተራችሁ ላይ ሥሩ።

ሀ) ናይትሪክ አሲድና ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ
ለ) ፎስፎሪክ አሲድና ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ
ሐ) ሰልፈሪክ አሲድና ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ
መ) ፎስፎሪክ አሲድና ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ

መልስ፦ (ቁጥሮቹ በአሲድ፣ በቤዝ፣ በጨው፣ በውሃ ተራ የተጻፉ ናቸው)
ሀ) 2፣ 1፣ 1፣ 2
ለ) 1፣ 3፣ 1፣ 3
ሐ) 1፣ 1፣ 1፣ 2
መ) 2፣ 3፣ 1፣ 6

በ«ሐ» ላይ ቆም በሉ። ብዙ ሰው አንድ ላንድ ሲሆኑ ውሃውንም 1 ይለዋል። ሁለቱም ግን ሁለት ሁለት ይዘው ስለ መጡ ጥማዱ 2 ነው። ውሃ የሚቆጠረው በጥማድ እንጂ በጥቅል አይደለም።

ለማጠቃለል፣ በዚህ ርዕስ ላይ የማስተማር ልምድ ያላችሁ መምህሮቻችን ይህን ዘዴ ብትተቹልን፣ የተሻለም ካላችሁ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ብታካፍሉን ደስ ይለናል። ሠልጣኝ ጓደኞቻችንም ለልምምድ ማስተማር ስትወጡ የእህል ጥቅሉን ይዛችሁ ሞክሩት። ነገ ክፍላችን ውስጥ ከኋላ የሚቀመጠው ዝምተኛ ልጅ ሽንብራና ባቄላ መቁጠር አያቅተውም። መቁጠር ካላቃተው ደግሞ ኬሚስትሪ አይከብደውም፤ ይህን እንዲያምን ማድረግ የኛ ሥራ ነው።